ለክፉ ቀን የተሸፈነች ፀሐይ

ታላቅ ሰው በየዘመኑ አይገኝም። ደብረ ታቦር ግን ዕድለኛ ከተማ ስለሆነች አንድ ደርሷታል፤ እሳቸውም የወይዘሮ ፈንታነሽ ባል ሆነው ተገኙ።

አቶ ይሻው ሠላሳ አንድ ዓመት ቢሮ ውስጥ አገልግለዋል፤ ሥራቸው ምን እንደነበር ግን ፈንታነሽ እስከ ዛሬ አልገባትም። ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ወር መብራት ሦስት ቀን ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ከሶፋቸው ተነሡና «ሳይቃጠል በቅጠል!» አሉ። በዚያው ዕለት የቤተሰብ የድንገተኛ አደጋ ዝግጁነትና ራስን የመቻል ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ አቶ ይሻው፣ ጸሐፊ አቶ ይሻው፣ አባል ወይዘሮ ፈንታነሽ፤ ያለ ድምፅ።

ኮሚቴው ሶላር እንዲገዛ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ነጋዴው ጀማል ሰሌዳውን ጣራ ላይ አሰረ፣ ባትሪውንና ኃይል መቀየሪያውን ኢንቨርተር ከታች በሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ አገናኘ። አያያዙን ሊነግራቸው አፉን ሲከፍት አቶ ይሻው «እኛ ዕቃ መያዝ እናውቃለን» ብለው ዘጉት።

እውነታቸውን ነው። በዚያ ቤት ዕቃ ይያዛል። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። የሶፋው ላስቲክ ከተገዛ ጀምሮ አልወለቀም፤ በበጋ የተቀመጠበት እንግዳ ሲነሣ ቆዳው ተልጦ የሚቀር ይመስላል። ሪሞቱ በፌስታል ተጠቅልሏል። ለሪሞት እንኳ ያለበሰ ቤት ሶላርን ያህል ነገር ራቁቱን ጣራ ላይ ሊተወው ነው?

«ፈንታነሽ፣ ሸራ በልኩ ስፊለት። ዳር ዳሩን ዳንቴል አድርጊበት።»

«ለጣራ? ማን ሊያየው?»

«እግዜር ያየዋል።»

ሰፋች። ሰሌዳው ለበሰ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንግዳ ሲመጣ አቶ ይሻው መሰላል ወጥተው ሸራውን ገለጥ ያደርጉና፣ ሰው አድንቆ ሳይጨርስ መልሰው ያለብሱታል። ኢንቨርተሩ ቀይ መብራቱን ብልጭ ድርግም ሲያደርግ «አየሽ፣ ዘብ ቆሟል» ይላሉ። የሳጥኑን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አሰሩት፤ ኃይሉ ለክፉ ቀን ብቻ ነውና።

ፈንታነሽ ክፉ ቀን እስኪመጣ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። የጫጩት መፈልፈያ ማሽን አስመጣችና ዘጠና እንቁላል ደረደረችበት። ሃያ አንድ ቀን መታገሥ ነው፤ የጎረቤቷ ከተማ የገሳይ ሰዎች ጫጩቶቹን ወር ሲሞላቸው ሊወስዱ ቃል ገብተውላታል። በዐሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ፀሐይ ቦግ ብላ በወጣችበት ረፋድ፣ መብራት ጠፋ።

«ይሻው! ቁልፉን አምጣ!»

«ለምን?»

«እንቁላሎቼ ሊበርዱብኝ ነው!»

አቶ ይሻው መነጽራቸውን አደረጉ። «መመሪያው የሚለው ድንገተኛ አደጋ ነው። እዚህ አገር መብራት መጥፋት ድንገተኛ ነው?»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ልማድ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ዘጠና ነፍስ እኮ ነው!»

«በጽሑፍ አቅርቢ።»

በአንድ እጇ ማሽኑ ላይ ጋቢ እየደረበች በሌላው ጻፈች። ኮሚቴው ተሰየመ፤ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ተነበበ። ቀጥሎ እንቁላል ነፍስ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ሰፊ ውይይት ተደረገ፤ በዚህ ነጥብ ሰብሳቢውና ጸሐፊው ለረጅም ጊዜ ሳይግባቡ ቆዩ። ስድስት ሰዓት ላይ ጸደቀ። አቶ ይሻው ሳጥኑን ከፈቱ፣ «ራሱን የቻለ ቤተሰብ የሰው እጅ አያይም» ብለው አጭር ንግግር አደረጉና ማብሪያውን ተጫኑ።

ዝም። ደግመው ተጫኑ። ቀይዋም መብራት ጠፋች።

«ጀማልን ጥሪው!»

ጀማል እየሮጠ መጣ። ቀና ብሎ ጣራውን አየ።

«ጋሽ ይሻው፣ ያ ነጭ ነገር ምንድን ነው?»

«ልብሱ ነው።»

«የሰሌዳው? ከመቼ ጀምሮ?»

«ካሰርክልን ዕለት።»

«ያ አላህ! ለምን?»

«ፀሐይ እንዳያበላሸው ነዋ!»

ጀማል ከመሰላሉ የታችኛው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። ፈንታነሽ ግን በላዩ ተራምዳ ወጣችና የሰፋችውን ሸራ ከነዳንቴሉ ገፈፈችው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ። በሃያ አንደኛው ቀን ስድሳ ሁለት ጫጩት ተፈለፈለ። ሃያ ስምንቱ ቃለ ጉባኤ ሲነበብ በርደው ቀርተዋል።

ኮሚቴው በግምገማው አፈጻጸሙን «እጅግ አመርቂ» ብሎታል። ሶላሩ ግን ከአቅሙ በላይ ስለሠራ እንዲያርፍ ተወሰነ፤ አቶ ይሻውም መልሰው አለበሱት፣ ዙሪያውንም በገመድ ጠፈሩት።

«ጫጩቶቹ እኮ ሙቀት ካላገኙ ይሞታሉ» አለች ፈንታነሽ።

«ክፉ ቀን ገና አልመጣም።»

አልተከራከረችም፤ አባል ናት፣ ያውም ያለ ድምፅ። በማግሥቱ እሳቸው ለቅሶ ሲሄዱ ጀማልን አስጠራችው። ሰሌዳው፣ የሳጥኑም ጀርባ ተፈትቶ ባትሪውና ኢንቨርተሩ፣ አቶ ይሻው ከክብራቸው የተነሣ ደርሰውበት ወደማያውቁት ዶሮ ቤት ተዛወሩ። ከሸራው ሥር አሮጌ የጓዳ በር ተተካ፤ ልኩ ልክክ አለ። ስድሳ ሁለቱም ጫጩቶች አድገው ገሳይ ገቡ።

ኮሚቴው ከዚያ ወዲህ ለእንግዳም ቢሆን ሸራው እንዳይገለጥ ከልክሏል። ሐምሌ ላይ በረዶ ሲወርድ አቶ ይሻው ጃንጥላ ይዘው ጣራ ላይ ይወጣሉ፤ ላያቸው በስብሶ፣ ጃንጥላውን ለሸራው ዘርግተው፣ አባርቶ እስኪያልቅ ይቆማሉ። ድካማቸው ከንቱ አልቀረም። ከእብናት እስከ ገሳይ ቢፈለግ እንደዚያ ተጠብቆ የኖረ የጓዳ በር አይገኝም።