ሞንታርቦ አከራዩ ጋሽ ዘነበ እና የአገራቸው ልጆች

በየኮንዶሚኒየሙ ሦስት ነገር አይጠፋም፤ አልፎ አልፎ ውሃ የሚገባበት ታንከር፣ የማን የመጥረግ ተራ እንደሆነ የማይታወቅ ደረጃ፣ እና ዘፋኝ ሁሉ የአገሩ ልጅ የሆነለት አንድ ሰው። ታንከሩ ይደርቃል፣ ደረጃው ይቆሽሻል። ሰውየው ግን ያለማቋረጥ ይሠራል።

ለእኛ ብሎክ የደረሱን ክቡር ጋሽ ዘነበ ናቸው። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ለሠርግ ሞንታርቦ ያከራያሉ፣ የተቃጠለ ማጉያም ይጠግናሉ፤ ይህ ግን መተዳደሪያቸው ነው። ዋናው ሥራቸው የኢትዮጵያን ሙዚቀኞች በሙሉ፣ ጊዜ ሲተርፋቸው ደግሞ የዓለምን፣ ሥር መሠረታቸውን እየቆፈሩ የጉራጌ አገሯ እምድብር ማድረስ ነው።

"ሥሩ ሲማስ እኛ ጋ ነው!" ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ይግባኝ የለም።

ባለፈው ከሜክሲኮ በታክሲ አብረን ስንመለስ ሬዲዮው አንድ የጎጃም ዘፋኝ ለቀቀ። ጋሽ ዘነበ በጣታቸው መስታወቱን መታ መታ እያደረጉ፣ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም፣ "ይሄ ልጅ እንዴት አድርጎ አኮራን እናንተ!" አሉ።

ከኋላ የተቀመጠ ጎልማሳ አንገቱን አሰገገ። "አባቴ፣ እሱ እኮ የጎጃም ልጅ ነው።"

"እዚያ ተወልዶ ይሆናል።"

"ምን ማለት ነው ይሆናል? የሰፈሩ ልጅ ነኝ! አባቱን አውቃቸዋለሁ።"

"አባቱን ታውቃለህ፤ የእናቱን አያትስ?"

የዘፋኝን የእናት አያት ማን ያውቃል?

"እንግዲያው ስማኝ" አሉ ጋሽ ዘነበ፣ ድምፃቸውን እንደ ዳኛ ዝቅ አድርገው። "እዚያ ከተማ ሱቅ አለ?"

"አለ።"

"ሱቁን የከፈተው ማን ነው? የእኛ ሰው ነው። ባለ ሱቅ ካለ ደግሞ ልጅ አለው። ልጁ ልጅ ይወልዳል። ሥሩ ሲማስ እኛ ጋ ነው!"

ሰውየው "ወራጅ አለ!" ብሎ መንገድ ላይ ወረደ። መውረጃው እዚያ አይመስለኝም፤ በእግሩ መሄድ ቢሻለው ነው።

ሌላ ቀን ቴሌቪዥን ላይ ጠጉሩን ቢጫ የተቀባ የፈረንጅ ዘፋኝ መድረኩን እየዞረ ሲዘል አዩት። እንዳይጀምሩ ብዬ ቀደምኳቸው፤ "ጋሽ ዘነበ፣ ይሄ እንኳ የባሕር ማዶ ሰው ነው።"

"እኔ መች ሰውየውን አልኩ?" አሉኝ ተቀይመው። "እግሩን ነው ያልኩሽ።"

ጎረቤታችን የአርሲው ጋሽ ጃርሶ ልጃቸውን ሲድሩ ሞንታርቦ የተከራዩት ከጋሽ ዘነበ ነበር። ይህ የጋሽ ጃርሶ ስህተት ነው። ጋሽ ዘነበ ገና ድንኳኑ ሳይሞላ የጉራጌ ዘፈን ከፈቱ። "ድምፅ እየሞከርኩ ነው" አሉ። ሙሽሮቹ ገቡ፤ እሳቸው ሙከራ ላይ ናቸው። ሙሽሮቹ ተቀመጡ፣ ኬኩ ተቆረሰ፤ ድምፁ አሁንም እየተሞከረ ነው። ጋሽ ጃርሶ ከዘራቸውን ይዘው መጡ።

"ዘነበ! እኔ ልጄን ለማን ነው የዳርኩት?"

"አንድ ጊዜ ታገሠኝ፣ የግራው በኩል ትንሽ ያንሳል።"

የግራው በኩል ምንም አላነሰውም። በመጨረሻ የአርሲው ዘፈን ሲከፈት እንግዳው ሁሉ በጉራጌ ጭፈራ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ጋሽ ጃርሶም ከዘራቸውን ለሰው አሲዘው ይዘሉ ነበር፤ ቪዲዮው አለ።

እኔ ልደታ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር አቤቱታ እተይባለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ስለዚህ ማስረጃ የሌለውን ክስ ከሩቅ አውቀዋለሁ፤ የጋሽ ዘነበ ክስ ሁሉ ማስረጃ የለውም። ያም ሆኖ ከእሳቸው ጋር በተገናኘን ቁጥር ተከሳሿ እኔ ነኝ።

"የቤርሳቤህ እናት፣ አገርሽ የት ነው?"

"ልደታ።"

"ልደታ ሰፈር ነው። እኔ የጠየቅኩሽ አገርሽን ነው።"

ሌላ አገር አላውቅም። እናቴ በልጅነቷ ከሰው ጋር አዲስ አበባ መጥታ፣ ሰው ቤት አድጋ፣ እኔን ልደታ ላይ ወልዳ ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። አገሯን ስጠይቃት "ረሳሁት ልጄ" ትልና ወሬ ትቀይራለች። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ስታርፍ መልሱን ይዛው ሄደች። ጋሽ ዘነበ ይህን የነገርኳቸው ቀን እንደ ሌላው ሰው ከንፈራቸውን አልመጠጡም። "መዝገብሽ አልተዘጋም፤ በይደር ነው" አሉኝ። ይህን የፍርድ ቤት ቋንቋ ከእኔው ነው የወሰዱት።

ነገሩ እንዲህ በቀልድ ሲሄድ ቆይቶ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ቤርሳቤህ አንድ ከሰዓት በኋላ ቦርሳዋን ሳታወልቅ በር ላይ ቆመች።

"እማዬ፣ እኛ ምንድን ነን?"

የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ደርሷል። መምህርቷ ሚስ ማሂ፣ ልጆቹ ሁሉ የአገራቸውን ልብስ ለብሰው የአገራቸውን ዘፈን ይዘው እንዲመጡ ብላለች። እኔ አፌን ሳልከፍት ባለቤቴ ዮፍታሔ ከሶፋው ላይ፣ "አራዳ ነን በያት" አለ። የእሱ ቤተሰብ እስከ ቅድመ አያቱ አዲስ አበባ ነው፤ ጥያቄው ቀልድ ነው የሚመስለው።

"የአራዳ ልብስ አለ?"

"ጂንስ።"

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። "ዘንድሮም ባንዲራ ሊያሲዙኝ ነው! ባንዲራ የሚይዘው እኮ ልብስ የሌለው ልጅ ነው!"

ዮፍታሔ ባንዲራ መያዝ ትልቅ ክብር መሆኑን ሊያስረዳት ሞከረ። ክብሩ ለሌላ ሰው ይሰጥ አለች።

እኔ ነገር አላንዛዛም። በማግስቱ የምሳ ሰዓቴን ይዤ ጠመንጃ ያዥ፣ ጋሽ ዘነበ ሱቅ ወረድኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ልብሱን ከባለቤታቸው ከእትዬ ድንቅነሽ እዋሳለሁ፣ ዘፈኑን እሳቸው ይሰጡኛል፣ ጉዳዩ በዚሁ ያልቃል። ጋሽ ዘነበ የአንድ ማጉያ ሆድ ዕቃ ዘርግፈው፣ መበየጃቸውን ይዘው አጎንብሰዋል።

"ጋሽ ዘነበ፣ እጄን ሰጥቻለሁ። የእናንተ ያድርጉን።"

ፊታቸው በራ። ይህን ቀን ሲጠብቁት ኖረዋል። ግን ሥነ ሥርዓት አለው አሉ፤ እንዲሁ አይገባም። እናትሽ ነጠላዋን እንዴት ነበር የምትጥለው? ጎመን እንዴት ነበር የምትሠራው? ዕቃ ስታነሳ ምን ትል ነበር? ሁሉንም አላስታውስም አልኳቸው።

"ትዘፍን ነበር?"

"ልብስ ስታጥብ ታንጎራጉራለች። እኔም ሳጥብ ያንኑ ነው የማንጎራጉረው፤ ቤርሳቤህም ከእኔ ለምዳዋለች። ዘፈን አይባልም እንጂ።"

"በይ እስቲ።"

አፈርኩ፤ ግን ልጄ ባንዲራ ልትይዝ ነው። አንጎራጎርኩላቸው። ጋሽ ዘነበ እጃቸውን ዘርግተው ሬዲዮኑን አጠፉ። እኔ እስካውቃቸው ድረስ ያ ሬዲዮ ጠፍቶ አያውቅም።

"ለምንድን ነው መሃል ላይ የምታቆሚው?"

"እናቴም ታቆማለች። ዝም ትልና ደግሞ ትቀጥላለች። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነው። ዜማው የጠፋት ይመስለኝ ነበር።"

"ድገሚው።"

ደገምኩት። መበየጃውን አስቀመጡ። ሥሩ ሲማስ የሚለውን ስጠብቅ፣ ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ቃል ወጣ።

"የእኛ አይደለም።"

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

"ጋሽ ዘነበ፣ የእኛ ነው ቢሉኝ ምን ይጎድልብዎታል? ለፈረንጁ እግር እንኳ አልሰሰቱም!"

"አንቺና ዘፋኝ አንድ ናችሁ?" አሉኝ። "ዘፋኝ ላይ እኔ ብዋሽበት ምን ይሆናል? አባቱ አለ፣ ማታ ቤቱ ይገባል። አንቺ ግን እኔ በነገርኩሽ ትቀሪያለሽ። ልጅሽም ትቀራለች።"

እውነቱን ለመናገር ትንሽ ተከፋሁ። በሳቅኩባቸው ቁጥር አንድ ቀን እኔንም "የእኛ" ይሉኛል ብዬ በልቤ ተማምኜ እንደኖርኩ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

"ደግሞ እናትሽ አልጠፋባትም" አሉ። "ይሄ የብቻ ዘፈን አይደለም። ዝም የምትለው ሌሎቹ እስኪገቡ ነው።"

እንዴት እንዳወቁ ቆይተው ነገሩኝ። አንድ ጊዜ ሽሮ ሜዳ ለሚኖሩ የጋሞ ሸማኔዎች ሠርግ ሞንታርቦ አከራይተው ነበር። ሰዎቹ ሳይከፍቱት መለሱት። አንዱ ጀምሮ ሲተው ሌላው እየገባ፣ ሌላው ሲተው ሦስተኛው እየተቀበለ፣ በድምፃቸው ብቻ ሲዘፍኑ ዋሉ፤ ማጉያ አላስፈለጋቸውም። "በጣም ተቀይሜ ነበር" አሉ። "ግን ቁጭ ብዬ ሰማሁ።"

ቅዳሜ ሱቃቸውን ዘግተው እኔንና ቤርሳቤህን ሽሮ ሜዳ ወሰዱን። ጋሽ ማዳ የሚባሉ ሽማግሌ ሸማኔ ጋ ነው የሄድነው። ሰላምታው አልቆ ጋሽ ዘነበ ወደ እኔ ዞሩ። "በይ፣ ያንን ነገር።"

ጀመርኩ። እናቴ የምታቆምበት ቦታ ስደርስ አቆምኩ።

ጋሽ ማዳ እግራቸውን ከሸማ መሥሪያው መርገጫ ሳያነሱ በዚያች ዝምታ ውስጥ ገቡ። ድምፃቸው ወፍራም ነው። ከበሩ አጠገብ ጥጥ የሚፈትሉት ባለቤታቸው ከላይ በቀጭኑ ተቀበሏቸው፤ ከጓዳ አንዲት ልጅ ሌላ ጨመረች። ከዚያ ሁሉም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና ለእኔ ቦታ ለቀቁልኝ። ተራዬ ነበር። እኔ ግን እነሱን መስማት ይዤ ሳልገባ ቀረሁ። የእናቴን ዜማ ተቀብላ የቀጠለችው ቤርሳቤህ ናት።

ሲያበቃ ጋሽ ማዳ፣ "እናትሽ የያዘችው የመሃሉን ድምፅ ነው" አሉኝ። "መሃሉን ከሬዲዮ አይለምዱትም፤ ልጅ ሆኖ ከሰው ጋር ቆሞ ነው። የየትኛው መንደር ናት ብትይኝ አላውቅም፤ የደጋው ጋሞ ናት። በይ አሁን ተቀመጪ፣ ቆመሽ አትሂጂ።"

ጋሽ ዘነበ ወደ ውጭ ወጥተው ነበር። ስልክ ሊያናግሩ ነው ብለዋል። ስልካቸው ግን ወንበሩ ላይ ነበር።

ልብሱን ከዚያው ቤት አገኘን፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ዥንጉርጉሩን ዱንጉዛ። የቸገረን ዘፈኑ ነው። ቤርሳቤህ መሃሉን ትይዛለች፤ የቀረውን ማን ይይዛል? በዓሉ የሥራ ቀን ላይ ነው፣ ሸማኔዎቹ ለገና ትእዛዝ ተወጥረዋል። ጋሽ ዘነበ "ይሄን ለእኔ ተዉት" አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ ከፎቃቸው የሚሰማው ነገር ያስፈራ ነበር። ጋሽ ጃርሶ የታመመ ሰው ያለ መስሏቸው በራቸውን አንኳኩተዋል፤ በዚያው ጥፋታቸው ወፍራሙን ድምፅ እንዲያግዙ ተይዘው ቀሩ። ቀጭኑ ለእትዬ ድንቅነሽና ለእኔ ደረሰ።

በበዓሉ ቀን የትምህርት ቤቱ ግቢ በወላጅ ሞልቷል። ቤርሳቤህ በዱንጉዛዋ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመች። እኛ ከኋላዋ፤ የእምድብሩ፣ የአርሲው፣ እትዬ ድንቅነሽና እኔ። ዮፍታሔ በስልኩ ይቀርጻል። ጋሽ ዘነበ ከረባት አስረዋል፣ በላብ ተጠምቀዋል፤ የሰው አገር ዘፈን ሲዘፍኑ የመጀመሪያቸው ነው።

ልጄ ጀመረች። ድምፁ ያንን ሁሉ ሰው ዝም አሰኘው። የምታቆምበት ቦታ ስትደርስም አቆመች።

ከወላጆቹ አንዷ "ውይ፣ ጠፋባት!" ስትል ሰማሁ። ሚስ ማሂ ልትረዳት ከወንበሯ ብድግ አለች። ጋሽ ዘነበ አየር ሳቡ፤ ሳሉ፤ ደግሞ ሳቡ።

ቤርሳቤህ ግን ዞር ብላም አላየች። እጇን አጣምራ ትጠብቃለች፤ ጋሽ ዘነበ እንደሚገቡ እርግጠኛ ናት።

ገቡ። ትንሽ ዘግይተው፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብለው፣ ድምፃቸው ሁሉ እምድብር እምድብር እያለ ገቡ።