ከወንበሩ የሚነሳው አጽም

ዕቃ መጣል የማይሆንለት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጋሽ መኮንን አሉልኝ። ዳውንታውን የሰው መኪና ፓርክ እያደረጉ የሚኖሩ፣ እዚህ አሜሪካ የፌርፋክስ ጎረቤቴ ናቸው። ዘንድሮ ለሃሎዊን፣ ሰው ቤቱን በሚያስፈራ ነገር ለሚያስጌጥበት የፈረንጆች በዓል፣ ሱቅ ያለው የሚንቀሳቀስ አጽም ተወደደባቸውና «እንግዲያው እኔው እሠራዋለሁ» አሉ። ከወዳደቀ መኪና የዝናብ መጥረጊያውን ሞተር ነቀሉ፤ ከመወልወያ እንጨት አጥንት ቆረጡ፤ የሠርጋቸውን ኮት አልብሰው ባርኔጣ ደፉበት። ሰው በረንዳው ላይ ሲወጣ አጽሙ ከወንበሩ ብድግ ይላል። የሰፈሩን ልጆች ሊያስደነግጡ ነው እንግዲህ።

ሙከራውን ለማየት ሦስት ሆነን አጠገቡ ተቀመጥን። መጀመሪያ የመጡት ግን ጎረቤታችን እትዬ የሺ ናቸው፤ ያውም መነጽራቸውን ረስተው። አጽሙ ብድግ አለ።

«ኧረ በሞቴ፣ አይነሱ» አሉት።

ሞተሩ ዙሩን ጨርሶ ኖሮ አጽሙ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እትዬ የሺ ደስ አላቸው። ከዚያ ከወንበራችን ንቅንቅ ያላልነውን ሦስታችንን ዞር ብለው አዩን።

«እኚህ ሰውዬ እንዲህ ከስተው እንኳ ለሰው ይነሳሉ» አሉ።

የጋሽ መኮንን ሥራ ማንንም አላስፈራም ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ የሺ ብቅ ሲሉ ከአጽሙ ቀድሜ ነው የምነሳው።