ትንሽ መዳብ ያለበት ጥርስ

እኛ ሰዎች ንጹህ የሚባል ነገር አጥብቀን እንፈልጋለን። አይፈረድብንም። በርበሬው ውስጥ ሸክላ፣ ማሩ ውስጥ ስኳር፣ ቅቤው ውስጥ ሙዝ ያገኘ ሰው፣ ጎረቤቱ የሚሰጠውን ሰላምታ ሳይቀር ቢመረምር ምን ይገርማል? እርስዎም ቢሆኑ “ምን ቀላቅለውበት ይሆን?” ሳይሉ የገዙት ነገር ካለ ይንገሩኝ። ይህ ጥያቄ እኔን ያስቸገረኝ የጥርስ ብረት ድረስ ሲመጣ ነው።

አዳማ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ። አንድ ቀን እትዬ አስካለች መጡ። የአርሲ ቅቤ ሲሸጡ አርባ ዓመት የኖሩ፣ በጣታቸው ጫፍ ነክተው ሙዙን የሚያጋልጡ እናት ናቸው። የፊት ጥርሳቸው አልቋል፤ ነጠላቸውንም ከአፋቸው ላይ አያነሱም። ባለቤታቸው ጋሽ ደምሴ ከወንጂ ሸንኮራ ማሳ ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ሰነባብቷል።

“የሚያውቀኝ በሳቄ ነበር” አሉኝ እትዬ። “ጥርሴ ከወለቀ ወዲህ ግን ልስቅ ስል የሚወጣኝ ፉጨት ነው። አፍሬ ተውኩት። እሱ የተቀየምኩት መስሎት ‘ምን በደልኩሽ?’ ይለኛል።”

አንጀቴን በሉት። ቲታኒየም የሚባል ቀላልና የማይዝግ ብረት እንዳለ፣ ትንሽ መዳብ የገባበት ደግሞ ለሥራ እንደሚመች ነገርኳቸው። መዳብ የምትለዋን ሲሰሙ ከወንበሩ ተነሡ።

“ድብልቅ አፌ ውስጥ አላስገባም! ንጹሁን ሥራልኝ።”

እሺ አልኩ። ቀልጦ ቅርጽ የያዘው ንጹህ ቲታኒየም ከአዲስ አበባ መጣልኝና ማሽኔን አስነሣሁ። ወዳጄ፣ ንጹህ ቲታኒየም ሞርደው ያውቃሉ? አይሞክሩት። ገር መስሎ ይጀምርና፣ ተፍቆ እንደ መውደቅ የማሽኑ መሞረጃ ድንጋይ ላይ ይለጠፋል፤ ድንጋዩ ይደፈናል፣ ብረቱ ይግላል፣ እኔም አብሬው እግላለሁ። ሁለት ቀን ታገልኩ። በሦስተኛው ቀን ትዕግሥቴ አልቆ ጫን ብል፣ ጥርሱን የሚይዘው ቀጭን መንጠቆ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

እትዬን አስጠርቼ ስብርባሪውን አሳየኋቸው።

“እትዬ፣ ቅቤ ሲያነጥሩ ኮሰረት አይጨምሩም?”

“እንዴታ! ኮረሪማም አብሽም እጨምራለሁ።”

“ታዲያ ማጭበርበር ነው?”

“እሱማ ለማጣፈጥ ነው!”

“ይሄም ለመሞረድ ነው። መዳብ ሲገባበት ፍቅፋቂው እየተሰበረ ይወድቃል እንጂ ድንጋዩን አይደፍንም።”

ስብርባሪውን አገላብጠው መለሱልኝ። “ደብቀህ ሳይሆን ነግረኸኝ ከቀላቀልክ፣ ይሁን” አሉ።

ቅይጡ መጣ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሞርጄ ጨረስኩት፤ ጠርዙም ምላስ የማይቧጭር ሆነ።

ጥርሱ የሚገጠም ዕለት ጋሽ ደምሴ የሚስታቸውን ትከሻ ይዘው አብረው መጡ። የመዳቡን ነገር አስቀድመው ሰምተዋል። ገና ለእትዬ ገጥሜ እጄን ሳልሰበስብ፣ ጋሽ ደምሴ “አርባ ዓመት የሰው ቅቤ ስትመረምሪ ኖረሽ፣ በመጨረሻ ድብልቁ አፍሽ ውስጥ ይግባ?” አሉ።

እትዬ ሳቁ። ነጠላውን ረሱት። ውጭ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሳይቀሩ አብረው ሳቁ።

ጋሽ ደምሴ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ “የብረቱን እንጃልህ፤ ሳቁ ግን ያው የድሮው ነው። ምንም አልተቀላቀለበትም” አሉኝ።

የእትዬ እንባ አገጫቸው ድረስ ወርዶ ነበር። ነግረኸኝ ቀላቅል ያሉኝ እኚያው ሴት፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው እንባውን ለባላቸው እንዳልነግር በዓይናቸው ተማጸኑኝ።

እኔም ዝም አልኩ።