እትዬ ጉዲቱና ሁለተኛው ሰው

በዚህ ከተማ ከዘመድ ፈላጊ ያመለጠ ሰው የለም። ታክሲ ውስጥ አጠገብህ ይቀመጡና ስምህን ይጠይቁሃል፤ ቀጥሎ የአባትህን፣ ቀጥሎ አገርህን። ሁለት ፌርማታ ሳትሄድ የአክስታቸው ባል የወንድም ልጅ ሆነህ ትወርዳለህ። የሌላ ሰፈር ዘመድ ፈላጊዎች ግን ገና ጀማሪዎች ናቸው። የሙያው ሊቀመንበር ክብርት እትዬ ጉዲቱ የሚኖሩት ሳንሱሲ ነው። እኔ ደግሞ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስለምኖር፣ ማምለጥ ቀርቶ መደበቅም አልችልም።

እትዬ ጉዲቱ የኳየር መዘምራን ልብስ ሰፊ ናቸው። ሥራው ለምርመራ ይመቻል። ሜትሩን አንገትህ ላይ ጠምጥመው፣ መርፌ በከንፈራቸው ይዘው፣ "እናትህ የማን ልጅ ናት?" ይሉሃል። ስለ አባት አይጠይቁም። "አባቱንማ በወሬ ነው የምናውቀው፤ እናቱን ግን ስታምጥ ያዩ ጎረቤቶች አሉ" ባይ ናቸው። የደረትህን ልክ ከመጻፋቸው በፊት የአያትህን እናት ስም ጽፈው ጨርሰዋል። ከዚያ ድንገት ሜትሩ ይቆማል፣ መርፌው ከአፋቸው ይወጣል፣ "ይኼማ ደም ነው!" ብለው ይጮኻሉ። በቃ፣ ያኔ እንደ አዲስ ተወለድክ።

አንድ ቀን አስኮ ፌርማታ ላይ አንድ ጎረምሳ ስልካቸውን መንትፎ ሮጠ። እትዬ ጉዲቱ "ሌባ!" ብለው አልጮኹም። "ቁም! እናትህን አውቃታለሁ!" አሉት። ጎረምሳው ሃያ እርምጃ ያህል ሮጦ ቆመ፤ ተመልሶም ስልኩን በሁለት እጁ ሰጣቸው።

"እውነት እናቱን ያውቋታል?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ከየት አባቴ አውቃታለሁ? ግን አለማወቄን እሱ በምን ያውቃል?"

ሌላ ጊዜ ደግሞ የሚዜዎችን ልብስ ሲለኩ ሙሽራውና ሙሽሪት በአያት እንደሚገናኙ ደረሱበት፤ ሰርጉም ለአንድ ወር ተራዘመ። ሽማግሌዎች ገብተው ሲያጣሩ አንዷን አያት ሁለት ጊዜ ቆጥረዋት ተገኘ። ይቅርታ ጠየቁ። የጠየቁት ግን ሙሽሪትን ብቻ ነው፤ ሙሽራውን እስከ ዛሬ በጥርጣሬ ያዩታል።

የዛሬ አራት ዓመት ክፍሏን ልከራይ ስመጣ ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት እኔንም ያችኑ ጥያቄ ጠየቁኝ።

"እናቴ ዘመድ የላትም" አልኳቸው።

"ዘመድ የሌላት ሴት የለችም፣ ልጄ።"

"የኔ እናት አለች።"

ኩራት እንዳይመስላችሁ። እትዬ ጉዲቱ በዘመድነት የመዘገቡት ሰው ቅዳሜና እሁድ የሚባል ነገር አይኖረውም፤ ለቅሶ አለ፣ ሰርግ አለ፣ ምርቃት አለ፣ የታመመ መጠየቅ አለ። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በጀርባዬ ተንጋልዬ ጣሪያ የማይበት ከባድ ሥራ አለብኝ። በቀሩት ቀናት ለአንድ መጽሔት ጽሑፍ አርማለሁ፤ የተጻፈው ሁሉ ሐቅ መሆኑን አጣራለሁ። እንግዲህ ይህ ሐቅ አጣሪ ቁልፍ ለመቀበል ሲል ዋሽቶ ገባ።

ባለፈው ዓመት ዮዲ የምትባል ወጣት ተመራማሪ ከዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቿ ጋር ወደ እትዬ ጉዲቱ ቸርች አዳራሽ መጣች። ምራቅ ለመሰብሰብ ነው።

"ከእናት ብቻ የሚወረስ ምልክት አለ" ስትል አስረዳች። "እናት ለሴቱም ለወንዱም ልጇ ታወርሳለች። ወንዱ ግን ይዞት ይቀራል እንጂ ለልጆቹ አያስተላልፍም። ስለዚህ በዚህ ምልክት የእናታችሁን እናት፣ የእሷን እናት እያልን ብዙ ሺህ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ እንችላለን።"

ከፊተኛው ወንበር እትዬ ጉዲቱ ብድግ አሉና ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "ሰማችሁ አይደል? እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ያለ ማሽን የተናገርኩት እኮ ነው!"

ስልሳ ሰው ምራቁን ሰጠ። እኔም ሰጠሁ። ለሳይንስ አስቤ አይደለም፤ ለሰጠ ሁሉ ኮፍያ ይታደል ነበር። ኮፍያውም ጠበበኝ።

ከስምንት ወር በኋላ ውጤቱ በየፖስታው ታሽጎ መጣ። እትዬ ጉዲቱ የራሳቸውን እዚያው አዳራሹ ውስጥ ቀደው ለዮዲ ሰጧት፤ ጮክ ብላ እንድታነብም አዘዟት። የእናታቸው ሐረግ እጅግ ብርቅ ነው። ተመራማሪዎቹ እስከዚያ ቀን ድረስ ያገኙት በጣት በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ብቻ ነው። መነሻው ደቡብ ምዕራብ ደጋ ሳይሆን አይቀርም ብለው ይገምታሉ። ከዚያ አንዷ ሴት ልጅ ወደ ሰሜን ሳትሄድ አልቀረችም፤ የሌላዋ ልጆች ባሕር ሳይሻገሩ አልቀሩም።

"ከዚህ ሰፈርስ?" አሉ እትዬ ጉዲቱ።

"ሁለት ሰው ተገኝቷል። እርስዎና ሌላ አንድ ሰው።"

"ማነው እሱ?"

"መናገር አይፈቀድልኝም፣ እማማ። የሰው ምስጢር ነው።"

"የገዛ ደሜ እንዴት አድርጎ ነው የሰው ምስጢር የሚሆነው?"

እኔ የራሴን ፖስታ ክፍሌ ገብቼ ከፈትኩት። ዮዲ ለእሳቸው ያነበበችው የፊደልና የቁጥር ቅልቅል፣ አንዲት ሳይጎድል፣ የኔም ወረቀት ላይ ተደርድሯል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሥራዬ አይደል፣ ስህተት ፈለግኩበት፤ የለበትም። ወረቀቱን ፍራሼ ሥር ከተትኩና ተኛሁበት።

በማግስቱ እትዬ ጉዲቱ በሬን አንኳኩ። "ሶሊዬ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ምራቅ የሰጠውን ሰው ሁሉ እንመርምረው። እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ትጽፋለህ።"

በዚህ ዓይነት እኔኑ የሚፈልግ መርማሪ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆንኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተጠርጣሪ ስም ኮምፒውተሬ ላይ ስለቅም ከረምኩ። ቀዳሚው ተጠርጣሪ የቸርቹ ጥበቃ አቶ ነገሬ ነበሩ፤ ምክንያቱም ሲያስነጥሱ ልክ እንደ እትዬ ጉዲቱ አጎት ሦስት ጊዜ ነው። እትዬ ጉዲቱ እንዲናዘዙላቸው ብለው በየሁለት ቀኑ ዶሮ ይዘውላቸው ይሄዱ ነበር። አቶ ነገሬም ብልህ ሰው ናቸው፤ "እንጃ፣ እስቲ ላስብበት" እያሉ በሉ። እኔ ደግሞ ከስማቸው ፊት ለፊት "ምርመራው ቀጥሏል" ብዬ በጥንቃቄ እጽፍ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ግን ጥሪው ቀረ። አንድ ከሰዓት ወደ መስፊያ ክፍላቸው ብቅ ስል ሲንጀሩን አቁመው፣ እጃቸውን ጨርቁ ላይ ጥለው ተቀምጠዋል።

"ዛሬ አንጽፍም?" አልኳቸው።

"ይቅር፣ ሶሊዬ።" መነጽራቸውን አወለቁና፣ "የወለድኩት ሦስት ወንድ ነው። ታውቃለህ አይደል?" አሉኝ።

"አውቃለሁ።"

"እህት የለኝም። አንዲት ነበረችኝ፣ በኩፍኝ ሞተች። ዮዲን ደውዬ ጠየቅኳት፤ አልዋሸችኝም። የኔ ልጆች ምልክቱን ለልጆቻቸው አይሰጡትም። አስበው እስቲ፣ ያን ሁሉ ዘመን እናት ለልጇ ስትሰጥ፣ ያቺም ለልጇ ስትሰጥ፣ በረሃብ ሲሰጣጡት፣ በስደት ሲሰጣጡት ኖረው፣ እኔ ጋ ሲደርስ ተቋረጠ።" ክሩን ከጨርቁ ላይ ለቀም አደረጉ። "ያን ሰው የምፈልገው ላስቸግረው መስሎታል መሰለኝ። ሴት ከሆነች ሴት ልጇን፣ ወንድ ከሆነ የእህቱን ሴት ልጅ አንድ ጊዜ ለማየት ብቻ ነበር።"

ወደ ክፍሌ ሄጄ ፍራሹን አነሳሁ።

እትዬ ጉዲቱ ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸውን ከፊደል ወደ ቁጥር እያሻገሩ ቀስ ብለው አነበቡ። ከዚያ የራሳቸውን አውጥተው ጎን ለጎን አስቀመጡት።

"ሦስት ሳምንት ሙሉ!" አሉ።

"አዎ፣ እትዬ።"

"አቶ ነገሬን ዶሮ ሳበላ!"

"እሳቸው እንኳን አልተጎዱም።"

የእንጨት ማስመሪያቸውን አነሱና ትከሻዬ ላይ አሳረፉት። ደግመው አነሱት፤ ግን ሐሳባቸውን ቀይረው አስቀመጡት። "በል አሁን በእውነት ንገረኝ። እናትህ የማን ልጅ ናት?"

"አላውቅም" አልኳቸው።

የሚያምኑኝ አልመሰለኝም፤ ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እናቴ ሰብሌ በስድስት ወይም በሰባት ዓመቷ ነው ከሰው ጋር ወደዚህ ከተማ የመጣችው፤ ያደገችው በሰው ቤት እየሠራች ነው። የእናቷን ስም ስንጠይቃት "እማዬ ነበር የምላት" ትለን ነበር። ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ሞተች። ዘመድ የላትም ያልኩት ለቅዳሜዬ ብቻ ብዬ አልነበረም። ያችን ጥያቄ መመለስ ስለማልችልም ነው። የሰው ጽሑፍ ሳጣራ የምውለው እኔ የአያቴን ስም አላውቅም፤ ይህንንም ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

እትዬ ጉዲቱ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ ስለ እናት ተጨማሪ ጥያቄ አልጠየቁም።

"እህትስ አለችህ?" ያሉት ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ላይ ካጠፉ በኋላ ነው።

"አለች። ፀጋ ትባላለች፣ ቀራንዮ ሰፈር ነው ያለችው። ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ አለቻት።"

"ሴት?"

"ሴት። ሄቨን።"

ተነሥተው ጫማቸውን ፈለጉ። ዮዲ የሁለታችን የጋራ እናት የኖረችው ምናልባት ከሺህ ዓመታት በፊት ሊሆን እንደሚችል መናገሯን ባስታውሳቸው፣ "ሺህ ዓመት ምን አላት!" አሉና ቀድመውኝ ወጡ።

ፀጋ በሩን ስትከፍት ከወንድሟ ኋላ አንዲት የማታውቃቸው ሴትዮ ቆመው አየች። አሳጥሬ አስረዳኋት። እያለቀሰች ሳቀች፤ "ምራቅህ ነው ዘመድ ያመጣልን?" አለችኝ። እትዬ ጉዲቱ ግን ሁለታችንንም አልሰሙንም። ሶፋው ጥግ ላይ ፀጉሯን ፈታ የተቀመጠችውን ሄቨንን እያዩ ነበር። ጆሮዋን አልመረመሩም፣ አፍንጫዋን ከማንም ጋር አላስተያዩም። "ልሥራሽ?" ብቻ አሏት።

ሄቨን እናቷን አየች፤ ፀጋ ራሷን ነቀነቀችላት። መሬት ላይ ከእትዬ ጉዲቱ ጉልበት መሀል ገብታ ተቀመጠች። እሳቸውም ፀጉሯን እየከፈሉ ቀስ ብለው ማስተማር ጀመሩ።

"እኔን ተከትለሽ በይ። ሄቨን፣ የፀጋ ልጅ።"

"ሄቨን፣ የፀጋ ልጅ።"

"ፀጋ፣ የሰብሌ ልጅ።"

"ፀጋ፣ የሰብሌ ልጅ።"

እዚህ ላይ ጣታቸው ፀጉሩ ውስጥ ቆመ። ፀጋና እኔ ወለሉን አየን። ከዚያ ወዲያ ያለው የለንም።

"ሰብሌ፣ የገዲሴ ልጅ" አሉ እትዬ ጉዲቱ።

ገዲሴ የእሳቸው እናት ናቸው።

"እትዬ..." አልኩ።

"ዝም በል!" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "የናንተ እስኪገኝ የኔን ተዋሱ። እናቶቼ ከእኔ ጋ ዝም ብለው ተቀምጠው ምን ይሠራሉ?" ወደ ሄቨን ጎንበስ አሉ። "ገዲሴ፣ የሆርዶፌ ልጅ። ሆርዶፌ፣ የዋሪቱ ልጅ። ዋሪቱ፣ የኩለኒ ልጅ።"

ሄቨን አንዷንም ሳትዘል አለቻቸው፤ ሹሩባውም ስሙም እኩል አለቁ።

ይህ በሥራዬ ዓይን ሲታይ ስህተት ነው። ማስረጃ የለውም፣ ምንጭ የለውም፤ ሌላ ሰው ጽፎት ቢያመጣልኝ በቀይ እሰርዘው ነበር። ያን ቀን ግን ቀራንዮ ቤት ውስጥ ቆሜ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ አብሬ አጥንቼዋለሁ። ጠይቁኝ፤ እስከ ኩለኒ ድረስ ልቆጥርላችሁ እችላለሁ።