የአለቃችን አዲስ ስክሪን

ለራሱ ጥሩ ጥሩውን ዕቃ፣ ለሠራተኛው ደግሞ ምክር የሚያድል አለቃ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ቦሌ በምሠራበት ቢሮ ገጥሞኛል፤ እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አዲስ የኮምፒውተር ስክሪን ተገዛ ሲባል ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። የመጣው ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አለቃችን ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ምስሉን በጣም በፍጥነት ስለሚያድስ አይርገበገብም፤ ዓይንም አያደክምም ተባለ። ቀኑን ሙሉ ስልኩን ሲነካካ ለሚውል ሰው ይህ ምን ያደርግለታል?

አጠገቤ የምትቀመጠው የሒሳብ ሠራተኛዋ ትዕግስት ግን አሮጌ ስክሪኗ ስለሚርገበገብ ከምሳ በኋላ እንባዋ ይወርዳል። ቢሮው «ባሏ ጥሏት ሄዶ ነው» ብሎ አወራ። አንዲት ባልደረባችን እጇን ጭናባት ጸለየችላት። በመጨረሻ አለቃችን አስጠራት፤ እኔም ፊርማ ልጠይቅ ገብቼ ቆሜ ነበር።

«የቤት ችግር ቤት ይቅር። ዓይንሽንም አልፎ አልፎ አሳርፊው» አላት።

«ጋሼ፣ ባለቤቴ ደህና ነው። ዓይኔን ያመመኝ ስክሪኑ ነው።»

«እሱ በጀት ሲፈቀድ ይታያል።»

ትዕግስት ወጥታ ፋይሎቿን ይዛ ተመለሰችና ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ስክሪኑንና ኪቦርዱን ወደ ራሷ አዙራ የሒሳብ ፕሮግራሙን ከፈተች። አለቃችን አፉን ከፈተ፤ «ውጪ!» ቢላት ስክሪኑን ለምን እንደሚፈልገው መናገር ሊኖርበት ነው። አፉን ዘጋና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ስክሪኑ ዛሬ የትዕግስት ነው፤ እንባዋም ቆሟል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያን ቀን እስከ መውጫ ሰዓት ድረስ አለቃችን ስክሪኑን አንዴም አልፈለገውም።