የኦቦ ጉተማ ምርመራ

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ሳያይ ያየ አንድ ሰው አይጠፋም። ጌዶም የራሱ አለው፣ አምቦም የራሱ አለው። የእኛ የጉደሮቹ ክቡር ኦቦ ጉተማ ናቸው። መኪና ቢጋጭ፣ በሬ ቢሰረቅ፣ ባልና ሚስት ቢጣሉ፣ እሳቸው ዘንድ ምርመራው አልቋል። "በዓይኔ አይቻለሁ!" ይላሉ፣ መዝገቡም ይዘጋል።

ትምህርቴን አቋርጬ ሻይ ቤቱን ከያዝኩ ጀምሮ አንዱ ወንበር የእሳቸው ነው። ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ይቀመጣሉ። የሚያወራ ሰው የሚያየው አድማጩን ነው።

በአንበጣው ዓመት መድኃኒት የምትረጭ ትንሽ አውሮፕላን ከከተማው ዳር ካለው ሜዳ ትነሳ ነበር። አንድ ጠዋት ገና ከመነሳቷ ወደቀች። ብቻውን የነበረው አብራሪ ሞተ። የማናውቀው ሰው ነው፤ ሴቶቹ ግን እንደ ጎረቤት አለቀሱለት።

ጭሱ ሳይጠፋ ኦቦ ጉተማ ጨረሱ። "ላም ናት! ሜዳው ላይ ገባች፣ እሷን ሲሸሽ ወደቀ። በዓይኔ አይቻለሁ!"

"እዚህ ሻይ እየጠጡ አልነበር እንዴ?" አልኳቸው።

"ሻይ የሚጠጣ ሰው ዓይን የለውም?"

"አለው፤ ማጅራቱ ላይ ግን አይደለም።"

ሰው ሳቀ፤ ወሬው ግን ሄደ። ለማመንም ቀላል ነበር። አውሮፕላኗ በሌለች ጊዜ ከብቱን እዚያ ሜዳ ላይ ያላሰማራ ማን አለ? ከብት እንዳይገባ የሚጠብቀው ፈዬራ ነበርና ፖሊስ ወሰደው።

በነጋታው ከአዲስ አበባ መርማሪዎች መጡ። ምስክሩን ፍለጋ ሻይ ቤቴ ገቡ። የፈዬራ ሚስት ዱረቲም እርጥብ ሣር ይዛ ተከትላቸው ገባች። እኛ ዘንድ ሣር ይዞ የለመነን ሰው ገፍቶ የሚያልፍ የለም።

"ኦቦ ጉተማ፣ ይዋሹልኝ አላልኩም" አለች። "ያዩትን ብቻ ይናገሩ።"

"አባባ፣ ላሟን በዓይንዎ አይተዋል?" አለ አንዱ መርማሪ።

ኦቦ ጉተማ ሣሩን አዩ። ከዚያ ቤቱን የሞላውን ሰው አዩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲያወሩለት የኖሩትን ሰው።

"አላየሁም" አሉ። "ጀርባዬን ሰጥቼ ሻይ እጠጣ ነበር።"

ላም ያየ ሌላ ሰው አልተገኘም። ፈዬራ ተለቀቀ። መርማሪዎቹ ምክንያቱን ገና እናጠናለን ብለው ስብርባሪውን ጭነው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ኦቦ ጉተማ መሳቂያ ሆኑ። "ኦቦ ጉተማ፣ ዛሬ ፀሐይ ወጥታለች? አይተዋታል?" ይሏቸዋል። እሳቸውም ወሬውን ትተው ሻያቸውን ይጠጣሉ። እኔ ወሬያቸው የሰለቸኝ ይመስለኝ ነበር፤ እንዳልሰለቸኝ የገባኝ ቤቱ ጭር ሲል ነው።

አንድ ጠዋት መንገዱ ዳር ሚኒባስ ተበላሽቶ ቆመ። "ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?" አልኩ ጮክ ብዬ።

ኦቦ ጉተማ ዞረው እንኳ ሳያዩ "ካምቢዮው ነው!" አሉ። "በዓይኔ..."

ብርጭቆውን አስቀመጡ። ተነሥተው መንገዱን ተሻገሩና ሚኒባሱ ሥር አጎንብሰው ማየት ጀመሩ። ብዙ ቆዩ። ሻያቸው ቀዘቀዘ።

ደፍቼ ሌላ ቀዳሁላቸው።