የሞላው የሐዋሳ ሚኒባስ

[ዲላ፣ ከመናኸሪያው አጥር ውጪ፣ አስፋልቱ ዳር። ጠዋት አራት ሰዓት። «ሐዋሳ! የሞላ! አንድ ሰው!» የሚባልለት ሚኒባስ ውስጥ ጆሲ ተቀምጧል። ጆሲ የማስተርስ ተማሪ ነው። ጥናቱን ዛሬ ስምንት ሰዓት ሐዋሳ ላይ ካላቀረበ የሁለት ዓመት ልፋቱን ውሃ ይበላዋል። ቢሆንም አልተጨነቀም፤ ጆሲን የሚያስጨንቅ ነገር ገና አልተፈጠረም። አጠገቡ፣ መስኮት ዳር፣ ተሻለ የሚባል ጎልማሳ አለ፤ ሲያዩት ሁሉ ነገር ዘግይቶ የሚገባው ይመስላል። በመጋረጃ እየተጨቃጨቁ ነው።]

ጆሲ፦ ኧረ ጋሼ፣ ይዝጉት እባክዎ! ፀሐዩ ላፕቶፔ ላይ አርፎ ምንም አይታየኝም።

ተሻለ፦ አይሆንም። ከተዘጋ ሰው አያየኝም።

ጆሲ፦ ማን እንዲያይዎት ነው የፈለጉት?

ተሻለ፦ ያለፈ ያገደመው ሁሉ።

ጆሲ፦ ዘፋኝ ነዎት እንዴ?

ተሻለ፦ ኧረ ድምፅ የለኝም። [አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ለመንገደኛ ፈገግ ይላል] አንተን ግን ምንድን ነው እንዲህ የሚያጣድፍህ?

ጆሲ፦ ጥናት አቀርባለሁ። በካይኔዝ ኢንሂቢተር ላይ። ብነግርዎትም አይገባዎትም።

ተሻለ፦ እሱማ አይገባኝም። ንገረኝ ግን፣ ጊዜ አለን።

ጆሲ፦ የምን ጊዜ? አንድ ሰው ነው እኮ የቀረው!

ተሻለ፦ [በትህትና] እሱስ ልክ ነህ።

[ጆሲ ጉሮሮውን ጠረገ። ፕሮፌሰሮቹ ፊት ከመቆሙ በፊት ምንም በማይገባው ሰው ላይ መለማመዱን ወደደው።]

ጆሲ፦ ሰውነታችን ውስጥ ካይኔዝ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። አንዳንዶቹ ሴሉን «ተባዛ!» ብለው የሚያዙ ናቸው። ታዲያ አንዱ ይበላሽና ትእዛዙን ማቆም ያቅተዋል። ሴሉ መባዛት ነው፣ መባዛት ነው፣ ካንሰር ይሆናል።

ተሻለ፦ የሚመክረው ሽማግሌ የለም?

ጆሲ፦ ፕሮቲን ነው እኮ!

ተሻለ፦ ፕሮቲንማ እንቁላል ውስጥ ነው ያለው። ጤና ጣቢያ ነግረውናል።

ጆሲ፦ [ላፕቶፑን በብስጭት ይከድናል] እሺ፣ በሚገባዎት ልንገርዎት። የተበላሸው ካይኔዝ ይሄ ሚኒባስ ነው እንበል። ፍሬን የለውም።

ተሻለ፦ [ብድግ ብሎ] ፍሬን የለውም?! ማን ነገረህ?

ጆሲ፦ ለምሳሌ ነው! ይቀመጡ! ሚኒባሱ ያለ ተሳፋሪ ንቅንቅ አይልም። የካይኔዝ ተሳፋሪ ኤቲፒ የሚባል ጉልበት ሰጪ ሞለኪውል ነው።

ተሻለ፦ ወዴት ነው የሚሄደው?

ጆሲ፦ የትም! ምሳሌ ነው አልኩ! አሁን እኛ ምን እናደርጋለን? ተሳፋሪ የሚመስል መድኃኒት እንሠራለን። ኢንሂቢተር እሱ ነው። ይገባና ወንበሩ ላይ ጉብ ይላል፤ ግን አይሄድም። እውነተኛው ተሳፋሪ ሲመጣ ወንበሩ ተይዟል። ካይኔዙ ተገትሮ ይቀራል። በዚህ ዘዴ የተሠራ ኪኒን በየቀኑ እየዋጡ፣ ከደም ካንሰር ጋር በሰላም የሚኖሩ ሰዎች አሉ።

ተሻለ፦ [ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ በደንብ ያየዋል] ተሳፋሪ መስሎ መቀመጥ... ይሄ ሳይንስ ነው?

ጆሲ፦ ከባድ ሳይንስ!

ተሻለ፦ ቀኑን ሙሉ ነው የሚቀመጠው?

ጆሲ፦ ጥሩ ከሆነ፣ አዎ።

ተሻለ፦ ወገቡን አያመውም?

ጆሲ፦ ሞለኪውል ነው! ወገብ የለውም!

ተሻለ፦ ታድሎ። ምሳስ?

ጆሲ፦ አይበላም!

ተሻለ፦ እሱስ ግፍ ነው። ግን እንዴት ነው የማይነቃበት?

ጆሲ፦ ቅርጹ ነዋ! ጥበቡ እዚያ ላይ ነው። ደግሞ ካይኔዝ ከአምስት መቶ በላይ ነው፤ ወንበራቸው ይመሳሰላል። ተሳስቶ ጤነኛው ላይ ከተቀመጠ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ተሻለ፦ እሱ ያጋጥማል። እኔም አንዴ ተሳስቼ የይርጋጨፌው ላይ ተቀምጬ፣ ይዞኝ እብስ አላለም መሰለህ!

[ጆሲ አልሰማውም። ሰው ሲያወራ መስማት ልማዱ አይደለም። ፊት ለፊት ቆሞ የነበረ ሌላ ሚኒባስ ጥሩምባውን እየነፋ ወደ ሐዋሳ ወጣ።]

ተሻለ፦ ያኛው ሄደ።

ጆሲ፦ ይሂድ። እኔ ስመጣ ሦስት ሰው ብቻ ነበር የያዘው። ተመራማሪ ሰው ማስረጃ ሳያይ አይገባም፤ ለዚህ ነው የሞላውን የመረጥኩት።

ተሻለ፦ እኛን አይተህ ነው የገባኸው?

ጆሲ፦ በተለይ እርስዎን! ሲያዩዎት የሚያስተማምኑ ተሳፋሪ ነዎት።

ተሻለ፦ [ፊቱ በርቶ] ጌታ ይባርክህ! እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ ያመሰገነኝ ሰው የለም።

[ረዳቱ በሩን በመዳፉ መታ፦ «ኑ! የቡሌ ሆራው መኪና ባዶውን ቆሟል!» ከጆሲ በቀር መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ተነስቶ መውረድ ጀመረ።]

ጆሲ፦ ጋሼ! ወዴት ነው? ሐዋሳ አይሄዱም?

ተሻለ፦ ሐዋሳ? እኔ ሐዋሳን አይቻት አላውቅም። ሥራዬ መቀመጥ ነው።

ጆሲ፦ [ድምፁ ሰልሎ] እርስዎ... እናንተ ሁላችሁም... ኢንሂቢተር ናችሁ?

ተሻለ፦ ስሙን እንኳ ዛሬ ካንተ ነው የሰማሁት። በናትህ፣ ለፕሮፌሰሮቹ ስትነግር ወገብ እንዳለን ጨምርበት።

[ወረደ። ጆሲ ከባዶ ወንበሮች ጋር ቀረ። አልቅስ አልቅስ አለው። ሰዓቱ ይሮጣል፣ መኪናው ቆሟል፣ ፕሮፌሰሮቹ ይጠብቃሉ። በዚህ መሀል ፈይዛ የምትባል መንገደኛ ሻንጣዋን እየጎተተች በሩ ላይ ደረሰች።]

ፈይዛ፦ ወንድሜ፣ ሐዋሳ ነው? ባዶ ነው እንዴ?

[ጆሲ ባዶዎቹን ወንበሮች አየ፤ ሰዓቱን አየ። ከዚያ የሚያስተማምን ተሳፋሪ መስሎ ተደላድሎ ተቀመጠ።]

ጆሲ፦ ሞልቷል እህቴ! ሌሎቹ ሻይ ሊጠጡ ወርደው ነው። ግቢ፣ አንድ ሰው ነው የቀረው!

ተሻለ፦ [ከቡሌ ሆራው ሚኒባስ መስኮት] ጎሽ! መቼም የተማረ ሰው ሥራ ቶሎ ይገባዋል!